ሙሾ አውራጁ ድምፅ፦ ቼስዋፍ ኒየመን በኖርቪድ ግጥም ፊት

ስለ ፖላንዳዊው ድምፃዊ ስለ ቼስዋፍ ኒየመን የሚጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከአንድ ዘፈን ተነሥቶ ወደዚያው ዘፈን ይመለሳል። «ጂቭኒ ዬስት ተን ሽፊያት» ይባላል፤ «እንግዳ ነው ይህ ዓለም» እንደ ማለት ነው። በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦፖሌ የዘፈን ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ ተሸለመ፤ በዘፈኑ ስም የተጠራው አልበምም በፖላንድ የመጀመሪያውን የወርቅ ሸክላ ለባለቤቱ አስገኘ። ከዚያ ወዲህ ኒየመን ማለት ያ ጩኸት ሆኖ ቀረ። ጩኸቱን የማይወድ ኒየመንን ጨርሶ ይተወዋል። የሚወደው ደግሞ የቀረውን ሥራ ሁሉ ለጩኸቱ እንደ ተጨመረ ማብራሪያ ያዳምጠዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ዘፈኑ ከሚገባው በላይ ተወድሷል። በውዳሴው ጥላ ሥር የቀረ ሌላ ኒየመን አለ፤ የሰው ግጥም ከፊቱ ዘርግቶ በድምፁ የሚያነብ፣ የሚፈታ፣ አንዳንዴም ከገጣሚው ጋር የሚሟገት ኒየመን። ትልቁ እሱ ነው።

ዘፈኑ ደካማ ነው አልልም። ኦርጋኑ መንገድ ይጠርግለታል፣ ድምፁ ገና ከመነሻው ጣሪያ ይነካል፤ የፖላንድ አድማጭ ከዚያ በፊት እንዲህ የተከፈተ ጉሮሮ አልለመደም ነበር። ይሁንና አጥንቱ የተዋሰው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1966፣ ጄምስ ብራውን ያወጣውን «ኢትስ ኤ ማንስ ማንስ ማንስ ወርልድ» የሰማ ሰው የቀስታውን እርምጃና የእሮሮውን አነሣሥ ወዲያው ያውቀዋል። ቃሉን የጻፈው ኒየመን ራሱ ነው፤ የሚለውም በዓለም ክፋት እንደ በዛ፣ በጎ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ግን ዓለሙ እንዲጠፋ እንደማይፈቅዱ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ማንም ሰባኪ ሊለው ይችላል። ድምፁ የተሸከመው ጭነት ለጉልበቱ የሚመጥን አልነበረም። ያን የሚያህል ጉሮሮ ክብደት ያለው ቃል ያስፈልገው ነበር፤ ክብደት ያለው ቃል ያገኘውም ከራሱ ብዕር ሳይሆን ከሞተ ሰማንያ ስድስት ዓመት ካለፈው ገጣሚ ነው።

የሕይወት ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ፈጠን ብዬ ላልፈው እወዳለሁ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1939 ስታሬ ቫሲሊሽኪ በምትባል መንደር ቼስዋፍ ቪድዢትስኪ ተብሎ ተወለደ። መንደሯ ያኔ የፖላንድ ነበረች፤ ከጦርነቱ በኋላ ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይነሡ አገራቸው ሶቪየት ኅብረት ሆነች፤ ዛሬ ቤላሩስ ናት። አባቱ የሙዚቃ መሣሪያ ይቃኝ ነበር፤ ልጁም ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር እየዘመረ አደገ። በ1958 ቤተሰቡ፣ እንደ ሌሎቹ የምሥራቅ ድንበር ፖላንዳውያን፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲሱ ፖላንድ ገባ። ወጣቱ ግዳንስክ ላይ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ፋጎት ይማር ጀመር።

ፋጎቱን አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ረጅም፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ስለ ኒየመን የሚጽፉ ሰዎች ጊታሩን፣ ኦርጋኑን፣ በኋላም ሲንተሳይዘሩን ይቆጥሩና ፋጎቱን እንደ ወጣትነት ገጠመኝ ያልፉታል። እኔ ግን ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ያ መሣሪያ ይመጣብኛል። ፋጎት የሚነፋ ሰው ሐረጉ የት እንደሚያልቅ ሳያውቅ ትንፋሽ አይስብም፤ አየሩ ሳያልቅበት ቃሉን መጨረስ አለበት። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ኒየመን ግን በረጅም ስንኝ ውስጥ ትንፋሹን የሚያከፋፍልበት መንገድ ከጥቁር አሜሪካውያን ሸክላ ብቻ የተቀዳ አይመስለኝም። ከብራውንና ከሬይ ቻርልስ ኃይሉን ተምሯል። ቁጠባውን የተማረው ሌላ ቦታ ነው።

በ1962 በሽቼቺን የወጣት ተሰጥኦ ፌስቲቫል ተመርጦ «ኒዬቢየስኮ ቻርኒ» ማለትም «ሰማያዊና ጥቁሮቹ» ከተባለው ባንድ ጋር ሆነ። ፖላንዶች ያን ጊዜ ሙዚቃውን «ቢግቢት» ይሉት ነበር፤ ሮክ ኤንድ ሮል የሚለው ስም በባለሥልጣናቱ ዘንድ ስላልተወደደ። በ1963 መጨረሻ ባንዱ ፓሪስ ላይ በኦሎምፒያ አዳራሽ ሊጫወት ሲሄድ የባንዱ መሥራች ፍራንቺሼክ ቫሊትስኪ፣ ቪድዢትስኪ የሚለውን ስም ፈረንሳዊ እንደማይጠራው አይቶ፣ የወንዝ ስም አወጣለት። ኒየመን ከልጁ የትውልድ አገር የሚፈስስ ወንዝ ነው። ስሙን የምላስ ችግር አመጣው፤ ስሙ ግን ከዚያ በላይ ሆነ። የትውልድ መንደሩ ከድንበር ወዲያ ለቀረችበት ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣለታል? በ1964 መጀመሪያ ላይ ድምፃዊቷ ማርሌነ ዲትሪሽ ዋርሶ መጥታ አንዱን ዘፈኑን ሰምታ በጀርመንኛ የራሷን ቃል አልብሳ ዘፈነችው። ከዚያ አክቫሬሌ የተባለውን የራሱን ባንድ አቋቋመ፤ ከዚያ ኦፖሌ፤ ከዚያ ወርቁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በ1970 መጀመሪያ «ኤኒግማቲክ» የተባለው አልበም ወጣ። አራት ሥራዎች ብቻ አሉበት፤ አራቱም ግጥሞች ናቸው። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ በሙሉ በአንድ ግጥም ተይዟል፤ ከ16 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ «ቤማ ፓሚየንቺ ዣወብኒ ራፕሶድ» ይባላል፣ ለቤም መታሰቢያ የቀረበ የኀዘን ራፕሶዲ። የጻፈው ጺፕርያን ኖርቪድ ነው። ኖርቪድ በ1821 ተወልዶ በ1883 ፓሪስ ውስጥ በፖላንዳውያን የድኾች መጠለያ የሞተ፣ በሕይወት ሳለ አንባቢ ያጣ፣ ሥራው ከሞተ በኋላ በሌሎች እጅ ከአቧራ የወጣ ገጣሚ ነው። ስንኙ ረጅም፣ ሐረጉ የተጠላለፈ፣ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች ከሚናገርባቸው የማያንሱ ናቸው። ለቢግቢት ከዚህ የማይመች ገጣሚ ለመፈለግ ብንወጣ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

ግጥሙ የሚያለቅስለት ጄነራል ዩዜፍ ቤም በ1831 በፖላንድ አመፅ መድፈኞችን የመራ፣ በ1848 እና በ1849 ለሃንጋሪ አብዮት የተዋጋ ሰው ነው። ሃንጋሪ ስትሸነፍ ወደ ኦቶማን ግዛት ተሻግሮ እስልምናን ተቀበለ፣ ሙራድ ፓሻ ተባለ፣ በ1850 መጨረሻ ሐለብ ላይ ዐረፈ። ኖርቪድ በ1851 ግጥሙን ሲጽፍ፣ እሱ ጽኑ ካቶሊክ ሳለ፣ ለዚህ ሟች ፍታትም ሶላትም አልሰጠውም። ከሁለቱ እምነቶች የሚቀድም የጥንት ጦረኞች ቀብር አሰበለት፤ ጦርና ሰይፍ፣ ጭልፊትና ፈረስ፣ ችቦ የያዙ ሰዎች፣ እንባቸውን በዛጎል የሚያጠራቅሙ ሴቶች፣ ጋሻ የሚመቱ ሎሌዎች። ከግጥሙ አናት ላይ በላቲን የተቀመጠው ጥቅስ የሐኒባል መሐላ ነው፤ ለአባቱ የማለውን እስከ ዕለቱ መጠበቁን የሚናገርበት። መጨረሻ ላይ ሰልፉ ወደ መቃብር ይደርሳል፤ ይደርስና አይቆምም። ጕድጓዱን አልፎ ይቀጥላል፤ የተኙ ከተሞችን በር እየደበደበ ይሄዳል፣ የኢያሪኮ ቅጥር እስኪፈርስ ድረስ።

አሁን ኒየመን ይህን እንዴት እንዳነበበው እንይ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጽሑፌም የተጻፈው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ድምፁን ከለከለን። አድማጭ ሸክላውን የገዛው ያን ጉሮሮ ፈልጎ ነው፤ በ1967 ዘፈን ጉሮሮው ከበር ላይ ተቀብሎታል። እዚህ ግን ሰልፉ ከሩቅ ይመጣል። ኦርጋኑ ይዘረጋል፣ ደወል ይደወላል፣ የወንድና የሴት መዘምራን ይነሣሉ፤ ዘፋኙ የለም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አልቃሿ አትቸኩልም። ሰው እስኪሰበሰብ፣ ግቢው ኀዘኑን እስኪለብስ ትጠብቃለች፤ ያን ጊዜ ነው ሙሾውን የምታወርደው። ኒየመን ድምፁን ያዘገየው ለጌጥ ሳይሆን ግጥሙ ስለሚጠይቀው ነው። ግጥሙ የሚከፈተው ለሟቹ ጥላ በሚቀርብ ጥያቄ ነው፣ ለምን ትሄዳለህ ብሎ በሚጠይቅ። ጥያቄው ሟቹ መሄድ ከጀመረ በኋላ የሚጠየቅ ነውና ድምፁም መምጣት ያለበት ሰልፉ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ሳነብ አላየሁትም ነበር። የነገረኝ ሸክላው ነው።

ሁለተኛው ነገር ምት ነው። ኖርቪድ የጻፈው የጥንት ግሪክና ሮማ ባለቅኔዎች በጀግና ታሪክ የሚጠቀሙበትን ባለ ስድስት እግር ስንኝ በፖላንድኛ ሊያስኬድ ሞክሮ ነው። በፖላንድኛ የቃል ጫና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ በወረደ ድምፅ ያልቃል፤ እግሩ እየከበደ እንደሚሄድ ሰው። ሌላ ዜማ ደራሲ ቢሆን ስንኙን ለሁለትና ለሦስት ቆራርጦ በአራት ምት ያስገባው ነበር፤ የዘመኑ ባንዶች የሚያውቁት እሱን ነውና። ኒየመን አልቆረጠውም። መግቢያውን ያለ ድራም፣ በተዘረጋው ኦርጋን ላይ፣ እንደ ንባብ አደረገው፤ ስንኙ የሚፈልገውን ያህል ይረዝማል፣ የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፁ ይቆያል፣ ኦርጋኑ ይጠብቀዋል። ፋጎቱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስንኙ መሐሉ ላይ በትንፋሽ አይሰበርም። ዐረፍተ ነገሩ ባለቀበት ያርፋል እንጂ አየሩ ባለቀበት አያርፍም። ብዙ ዘፋኝ ግጥም ሲዘፍን ትንፋሹ ሥርዓተ ነጥቡን ይጽፍበታል፤ ኒየመን ሥርዓተ ነጥቡን ለገጣሚው ተወለት።

ከበሮውና ባሱ የሚገቡት ሰልፉ በርትቶ መራመድ ሲጀምር ነው። እዚህ ላይ ከኋላው የቆሙትን ሰዎች መጥራት ተገቢ ነው፦ ዝቢግኒየቭ ናሚስዎቭስኪና ሚሃው ኡርባኒያክ በሳክስፎን፣ ቼስዋፍ ባርትኮቭስኪ በድራም፣ ቶማሽ ያሽኪየቪች በጊታር፣ ያኑሽ ዚየሊንስኪ በባስ። ሦስቱ፣ ናሚስዎቭስኪ፣ ኡርባኒያክና ባርትኮቭስኪ፣ የጃዝ ሰዎች ናቸው። የጃዝ ሰው ከዘፋኝ ኋላ ሲቆም ብዙ ጊዜ ተራውን ይጠብቃል፤ እነዚህ ግን አብረው ቀባሪ ሆነዋል። መሣሪያው የሚያለቅስበት ቦታ ሴቶቹ የሚያለቅሱበት ቦታ ነው። ግጥሙ ውስጥ ሴቶች የሸክላ ዕቃ መሬት ላይ ይሰብራሉ፤ የሚሰበረው ዕቃ ድምፅ በኀዘኑ ላይ ይጨመራል። እኛ በአማርኛ የሙዚቃውን ዲስክ ራሱን ሸክላ እንለዋለን። ያን ቦታ በአሮጌ ሸክላ ላይ፣ ከመርፌው ጭረት ጋር፣ ሳዳምጥ ሁለቱ ሸክላዎች አንድ ይሆኑብኛል። ይህ በፖላንድኛ የሌለ፣ በኛ ቋንቋ ብቻ የተገኘ ስጦታ ስለሆነ ለኒየመን ውለታ አልቆጥርለትም፤ ግን ከአንባቢዬ ልደብቀው አልፈልግም።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። ኒየመን የሚጫወተው ሃሞንድ ኦርጋን ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ኦርጋን በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የቧንቧ ኦርጋን መግዛት ለማይችሉ አብያተ ክርስቲያናት ይሸጥ ነበር። ከጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ጃዝና ወደ ሶል ሙዚቃ ገባ፤ በሚሽከረከር የድምፅ ማጉያው ድምፁን እያወዛወዘ። ስለዚህ ኒየመን አንድ መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ታሪኩን ይነካል፤ በቫሲሊሽኪ ከመዘምራን ጋር የቆመውን ልጅም፣ በግዳንስክ ከሬይ ቻርልስ ሸክላ ሥር ያመሸውን ወጣትም። ሶል ሙዚቃን ወደ ፖላንድ አመጣ ተብሎ ሲወደስ ይህ ይረሳል። ሶል ወደ ፖላንድ ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የተሻገረው፤ አጓጓዡም ያ ሣጥን ነው። ለኖርቪድ ግጥም ደግሞ ልክ ሆኖ ተገኘ፦ የቤተ ክርስቲያን ጠረን ያለው፣ ግን የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ያልሆነ መሣሪያ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ሥርዓት ላልተፈጸመለት ቀብር።

ግጥም በራሱ ሙዚቃ ነው፣ ሌላ ሙዚቃ መደረብ ማፈን ነው የሚል ተቃውሞ አለ። በብዙ ሥራ ላይ እውነት ስለሆነ እቀበለዋለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን አልቀበለውም። ተቃዋሚው የሚፈራው ዜማው ግጥሙን ለስላሳ አድርጎ እንዲዋጥ እንዳያደርገው ነው። ኒየመን ግጥሙን እንዲዋጥ አላደረገውም፤ 16 ደቂቃ ሙሉ ከጉሮሮ ጋር አስቀመጠው። ፖላንድኛን መዝገበ ቃላት ይዤ የማነብ ሰው ነኝ፤ የኖርቪድን ሐረግ ለመፍታት ሰዓታት ይፈጅብኛል። ሸክላው የሰጠኝ ቀላል መንገድ አይደለም። የት መቸገር እንዳለብኝ አሳየኝ እንጂ።

ከ«ኤኒግማቲክ» በኋላ ኖርቪድን አልተወውም። በ1973 «ማሪዮኔትኪ» የተባለውን ግጥም ዘፈነ፤ በ1978 ደግሞ «ኢዴ ፊክስ» በሚል ርእስ ድርብ አልበም ሙሉ ለኖርቪድ ሰጠ። አንድ የፖፕ ድምፃዊ ለአንድ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ይህን ያህል ዕድሜ ሲሰጥ ከጌጥ ፍለጋ በላይ የሆነ ነገር አለ። የፊልም ዳይሬክተሩ አንድዤይ ቫይዳም በ1972 የቪስፒያንስኪን «ቬሰሌ» ማለትም «ሠርግ» የተባለውን ድራማ ፊልም ሲያደርግ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በድራማው ውስጥ ሆሆው የሚባል ፍጥረት አለ፤ ጽጌረዳን ከክረምት ብርድ ለመጠበቅ የሚታሰር የገለባ ቡትቶ ሕይወት ዘርቶ፣ በመጨረሻ ሠርገኞቹን ሁሉ በዜማው አደንዝዞ የሚያስጨፍራቸው። ቫይዳ ለገለባው የሰጠው ድምፅ የኒየመንን ነው። ያ ሚና ጉልበት አይፈልግም። የሚፈልገው ቃሉን ሳይቸኩል የሚናገር፣ ከሰው ዓለም ትንሽ ራቅ ያለ ድምፅ ነው። ጩኸቱን ብቻ የሚያውቅ ዳይሬክተር ይህን ሚና ለኒየመን አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ የምለው የሚያስከፋ ሰው ሊኖር ይችላል። ኒየመን ሲቢኤስ ከተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ከ1972 እስከ 1974 ለምዕራቡ ገበያ በእንግሊዝኛ ሦስት አልበሞች አወጣ። በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ወቅት በተዘጋጀው የሮክና የጃዝ ኮንሰርት ላይ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራና ቻርልስ ሚንገስ በተጫወቱበት መድረክ ተጫውቷል። ሦስተኛው አልበም «ሞርነርስ ራፕሶዲ» የቤምን ራፕሶዲ በእንግሊዝኛ ይዞ መጣ፤ ከማሃቪሽኑ ያን ሃመርና ሪክ ሌርድ፣ ከራሱ አገር ኡርባኒያክ ከኋላው አሉ። የሙዚቀኞቹን ስም የሚቆጥር ሰው የሥራው ቁንጮ ነው ይለዋል። እኔ ኪሳራ ነው እላለሁ። ያ ሥራ የቆመው በፖላንድኛ ቃል አወራረድ ላይ ነበር፤ ከመጨረሻው በፊት በሚያርፈው ጫና፣ በረጅሙ ስንኝ፣ በአፍንጫ በሚወጡት አናባቢዎች። እንግሊዝኛው አጭር ቃል ይዞ ሲገባ ዜማው ባዶ ሆነ፤ ዘፋኙ ያልበሰለለትን ቋንቋ እያኘከ፣ አንባቢነቱን ጥሎ ወደ ጉሮሮው ተመለሰ። ከነዚያ ጎበዞች አንዱም ሊያድነው አልቻለም፤ መዳን ያለበት ከበሮው አልነበረምና። ይህን ያህል የምቆጣው ያደረገው ሰው ኒየመን ስለሆነ ነው። የኖርቪድን ስንኝ ሳይሰብር ለመዝፈን ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው በገዛ እጁ ሰበረው።

በፖላንድ የቀሩት የዚያ ዘመን ሥራዎቹ የተሻሉ ናቸው። በ1973 ከዩዜፍ ስክሼክ፣ ከአንቲሞስና ከየዢ ፒዮትሮቭስኪ ጋር፣ ኮንትራባሱን ሄልሙት ናዶልስኪ ይዞ፣ ያወጣቸው ሁለት ጥራዞች ድፍረት አላቸው፤ ጠንክሮ ለመስማት ለሚታገሥ ሰው ይከፍታሉ። ከ1976ቱ «ካታርሲስ» ወዲህ ግን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ሲንተሳይዘሮቹን ሁሉ ራሱ መጫወት ለመደ። አድናቂዎቹ ይህን ብቸኝነት የሊቅነት ምልክት ያደርጉታል። ለኔ ጎደሎው እዚህ ይጀምራል። ሙሾ አውራጅ ተቀባይ ያስፈልጋታል፤ ናሚስዎቭስኪና ባርትኮቭስኪ ተቀባዮች ነበሩ፣ መዘምራኑ ተቀባይ ነበሩ። ማሽን የተነገረውን ይደግማል እንጂ አያዝንም። በዚያ ላይ የራሱን ግጥም መዝፈን አበዛ፤ በ1989 የወጣው «ቴራ ዴፍሎራታ» ሰው ምድርን ስለ ማጥፋቱ የሚያስብ እውነተኛ ጭንቀት አለው፣ ግን ጭንቀቱ እንደ 1967ቱ ቃል እንደገና ስብከት ይሆናል። ኖርቪድ ሲነግረው ይጠነቀቅ የነበረው ሰው ለራሱ ሲናገር ጥንቃቄውን ይጥላል።

ዋርሶ ውስጥ የሌጊያ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ከ2004 ጀምሮ፣ ኒየመን በጃንዋሪ 17 ቀን ካረፈ በኋላ፣ ከጨዋታ በፊት «ሰን ኦ ቫርሻቪየ» የተባለውን የ1960ዎቹን ዘፈኑን ይዘምራሉ። ስለ ከተማው ሕልም የሚናገር ቀላልና ለስላሳ ዘፈን ነው። መሐረባቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው ሺሕ ሰዎች ሲዘምሩት እወደዋለሁ። የምሥራቅ መንደር ልጅ ለከተማው የሰጠውን ሕልም ከተማው መልሶ ያቅፈዋል። ሐያሲ ሆኜ ብዙ ባልልም፣ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከራፕሶዲው ቀጥሎ፣ በዚያው ዘመን የተቀረጸችውን «ፍስፖምኒየንየ» ማለትም «ትዝታ» የተባለችውን ትንሽ ዘፈን እመርጣለሁ። ቃሉ የገጣሚው የዩሊያን ቱቪም ነው፤ በመፀው አበባ ስለሚመጣ የድሮ ፍቅር ነው። ዜማው የማሬክ ሳርት። ከኔ ክርክር ጋር ይጋጫል መባል ይቻላል፤ እዚህ ሙሾም ሰልፍም የለም፤ ያው የተለመደ የፍቅር ዘፈን ነው። ነገር ግን ድምፁን አዳምጡት። ያ ጣሪያ የሚነካ ጉሮሮ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ቃሉን የሚነካው የአበባ ቅጠል እንዳይረግፍበት እንደሚፈራ ሰው ነው። ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን ሳያወጣው ሲቀር ከሚሰማን ልዩ ክብር ጋር ነው የምናዳምጠው። በራፕሶዲው የቀጠረን፣ በትዝታው የከለከለን ድምፅ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቦታ ገጣሚው እስኪናገር ዝም ይላል። ይህን አድምጦ ኒየመንን ጯሂ የሚለው ሰው ጆሮው ለአንዱ ዘፈን ብቻ የተከፈተ ነው።

የቤም አፅም በ1929 ከሐለብ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ታርኑፍ መጣ። ሙስሊም ሆኖ የሞተን ሰው በካቶሊክ የተቀደሰ መሬት ማኖር ስላልተቻለ በከተማው መናፈሻ፣ በኩሬ መካከል ባለች ደሴት ላይ፣ ስድስት ዓምዶች ቆመው ሣጥኑን ከላይ ተሸክመውታል። ኖርቪድ ግጥሙን ሲጽፍ ይህን አላወቀም። ሰልፉ መቃብሩን አልፎ እንዲቀጥል ሲያደርግ ሟቹ እውነትም መሬት እንደማይገባ አላሰበም ይሆናል። በኒየመን ሥራ ደግሞ ሰልፉ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት አለ፤ የሸክላው ገጽ ያልቃል። መርፌው ወደ መሐል ይደርሳል፣ መዘምራኑ ይጠፋሉ፣ ተነሥቶ ሸክላውን መገልበጥ የአድማጩ ሥራ ነው። በሌላኛው ገጽ የመጀመሪያው ሥራ የአዳም አስኒክ ግጥም ነው። ከተኙት ከተሞችና ከኢያሪኮ ቅጥር በኋላ ያው ድምፅ፣ ያው ኦርጋን ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ልብ ብቻ ይለምናል።